የመንገድ ዳሩ መስክ

የዶነካ መስክ በዚያ ግንቦት ብዙ ጊዜ የታጠበ አረንጓዴ ሸሚዝ መስሎ ነበር። በአየርላንድ፣ በኮርክ ገጠር ደግሞ ሰው የሚለካው በመንገድ ዳር መስኩ ነው። ለቅዳሴ የሚሄድ ሁሉ መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያየዋል። አባቱ በሕይወት ሳሉ፣ «ይሄ ፊትህ ነው፣ ሳትታጠብ አትውጣ» ይሉት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት፣ ማዳበሪያ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሄደ ቀን ነው።

«ስንት አልሽኝ?» አላት ሻጯን።

«ከሩሲያ በሚገባው ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ የሌላውም ተከትሎት ወጣ። እኔን አትየኝ ዶነካ፣ እኔ አልጣልኩት!»

አምና አሥር ከረጢት በገዛበት ገንዘብ ስድስት ይዞ ተመለሰ። ስድስት ለአንድ መስክ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ከኮረብታው ጀርባ ያለውን መስክ ማንም አያየውም፤ ግን አሥራ ስምንቱ ላሞቹ የብርዱን ወራት የሚያልፉት በእሱ ሣር ነው። ዶነካ ትራክተሩን እንዳስነሳ መንገድ ዳሩ መስክ በር ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ መሪውን ወደ ኮረብታው አዞረ።

የመንገድ ዳሩ ሣር መገርጣት ሲጀምር ሰው እንዳያየው በጀርባ መንገድ እየዞረ ማስቀደስ ያዘ። በሦስተኛው እሑድ ግን ጎረቤቱ ጎብነት ከካቧ ማዶ ያዘችው።

«ዶነካ! መስክህን አመመው እንዴ? ሐኪም ልጥራለት?»

የእሷ መስክ መሃሉ ላይ እስካለው ጉብታ ድረስ በልምላሜው ዓይን ይወጋል።

«ያንቺስ አምሮበታል» አለ እየመረረው። ምን ብታደርግለት ነው ብሎ ካቡ ላይ ወጣ። ከጉብታው ወዲያ ሲያይ መስኩ ከራሱም መስክ የባሰ የገረጣ ነው።

«ጎብነት! ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝም በል፣ አታዋርደኝ! ሦስት ከረጢት ነው የገዛሁት። ለሚያልፍ መኪና ይበቃል።»

ዶነካ የካቡን ድንጋይ ይዞ ሳቀ። ከመጋቢት ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

«የኮረብታው መስክህስ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ሣሩ እስከ ጉልበቴ ደርሷል።»

ጎብነት የገረጣ መስኳን ዞር ብላ አየች። «እንግዲያው የኔዎቹ ላሞች በጥር አንተ ዘንድ ናቸው።»

«ይምጡ። ጠባያቸው እንዳንቺ ከሆነ ግን በሩን እዘጋለሁ!»

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ዶነካ ከካቡ ወርዶ ሱሪውን አራገፈ፤ በጀርባው መንገድ አልዞረም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በገረጣው መስኩ ጥግ ጥግ፣ በቀጥታው መንገድ ቀስ እያለ ሄደ።