መሬቱ እየተሸጋሸገ ነው ያለው ሙሄ

ስልኩን የዘጋሁት «ሌላ መሐመድ ነው፣ ተሳስታችኋል» ብዬ ነው። ወሎ ውስጥ መሐመድ ሞልቷል አይደል?

መልሰው ደወሉ። የኛው ሙሄ ነው። ዩኒቨርሲቲው መካነ ሰላም ግቢ ጂኦሎጂ የሚያስተምረው፣ አንድ ቢሮ የምንጋራው ሙሄ። ትናንት ከሰዓት የእናቱ ቤት ያለበት ተረተር ተናደና እሱ ከሥሩ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ከደሴ ወደሱ መንደር ስሄድ፣ አቀስታ ላይ ሆኜ ነው። መንገድ ተዘግቷል፣ ሚኒባሱ ከዚህ አያልፍም ተብለን ቆመናል። ወደ ደሴ ልመለስ ብልም እግሬ እምቢ አለኝ። ኔትወርኩ ብልጭ ሲል ልልከው ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሙሄ ሳተላይት በራዳር ያነሳውን የመሬት ምስል ከኢንተርኔት ያወርዳል። ሳተላይቱ ቆይቶ ያንኑ ቦታ ሲያነሳው ያንንም ያወርዳል። ከዚያ ሁለቱን የሚያነጻጽር ሶፍትዌር አለው፤ መሬቱ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ ያሳያል። የቢሮውን ደህና ኮምፒውተር ሙሉ ቀን ይይዝና «አትንኩ፣ መሬት እየለካሁ ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስንናደድበት «አብሽሩ» ይለናል።

ሶፍትዌሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቄው ነበር። «ነጻ ነው፤ ማንም አውርዶ ይሠራበታል» አለኝና ሳቀ። «እዚህ አገር ነጻ የሆነው እሱ ብቻ ነው።» ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይቺኑ ይደግማት ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ቀልቶ የወጣው ቦታ የእናቱ መንደር ሆኖ ተገኘ።

አብሬው ሄድኩ። ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጅ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሙሄ ተነሳና «መሬታችሁ እየተሸጋሸገ ነው። ከሳተላይት ለክቸ አይቸዋለሁ» አላቸው።

ያ ቃል ነው ጉድ የሠራን። ሽግሽግ! እሱ መሬቱ ቦታውን እየለቀቀ ነው ማለቱ ነበር። እነሱ የሰሙት ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው የሚሰጥበትን የመሬት ሽግሽግ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ልጃችን፣ ያኔ በገመድ ለካችሁን፤ አሁን ደሞ ከሰማይ ሆነ?» አሉት። የገዛ እናቱ፣ እማማ ዘሀራ፣ «ልጄ መንግሥት ሆነ እንዴ?» ብለው አለቀሱ።

«ኧረ ወላሂ ይናዳል ማለቴ ነው!» ቢል ማን ሰምቶት። ክረምቱን ዘመድ ጋ ሊከርሙ ያሰቡት ሁሉ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ደጎሎ ለሥራ የሄዱት ሳይቀሩ፣ ቤታቸው ተገኝተው ሊመዘገቡ ተመለሱ። ቤቱን ዘግቶ የሄደ መሬቱን ያጣል ብለው ነው። ሙሄ ሌላ ቦታ ይሰጣቸው ብሎ ያልለመነበት ቢሮ የለም። ሌላ ቦታ የለም አሉት።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ጓዙን ይዞ እናቱ ቤት ገባ። ተናደድኩበት፤ «እያወቅህ?» አልኩት።

«ብወጣ እሷ እዚያው ናት። ይዣት ልውጣ ብል አትወጣም። የት ልሂድ፣ ንገሪኝ?»



ትናንት የመንደሩ ሰው ሽቅብ ለቅሶ ቤት ሄዶ ነበር፣ እማማ ዘሀራም አብረው። ሙሄን ጉንፋን ይዞት ቤት ቀረ። ለቅሶ ቤት የሄደው ሁሉ ተርፏል። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ሙሄ፣ ወንድሜ፣ በአካፋም በእጅም እየቆፈሩልህ ነው አሉ። ከላይ የቀረው ተረተር ተሰንጥቆ፣ አሁን ይናዳል እየተባለ ገና እንደቆመ ነው። እናትህ ጭቃው ዳር ተቀምጠዋል። ጎረቤት ለመናቸው፣ ሸኹ ለመኗቸው፤ «ልጄን ሳላወጣ ወዴት እሄዳለሁ» ብለዋል። ያልከው ዛሬ ገብቷቸዋል፣ ግን አይነሱም።

ጌታ ጀነቱን ይወፍቅህ። ደህና ሁን ሙሄ። ቶሎ ውጣላቸውና እሳቸውም ይውጡ።