አረንጓዴው ጠበል

ዛሬ በሰው አገር፣ ሠራተኞች የሚያፈስ ቧንቧ ለማግኘት ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም ሲጨምሩ አይቼ ፊቴን አዞርሁ።

በጣሊያን ጊዜ አንድ ፈረንጅ ከደብረ ታቦር በላይ ባለ የምድር ስንጥቅ እንዲህ ያለ ቀለም አፈሰሰ። ውኃው በምድር ሥር ወዴት እንደሚሄድ ያጠና ነበር። እንደማይጎዳ በመዳፉ ጠጥቶ አሳየኝና ከረሜላ ዘግኖ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ጠበላችን አረንጓዴ ሆኖ ፈለቀ። አጥማቂው አያቴ ደነገጡ። «መርዘውት ይሆናል፤ ማንም እንዳይነካው!» አሉ።

ከእብናት በቃሬዛ የመጣች በሽተኛ «አባ፣ ጠብታ እንኳ ይርጩኝ» ብላ ለመነች።

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያየሽው ነገር አለ?»

ጾም ነበር፤ ከረሜላው ደግሞ ጉንጬ ውስጥ ነው። አፌን ሳልከፍት፣ ራሴን ወዝውዤ የለም አልሁ። ተሸካሚዎቿ ሴትዮዋን እንደ ያዟት ተመለሱ።

ጾም መግደፌን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ቃሬዛውን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም።