ወደ ኮምቦልቻ ይዤው የወረድኩት ውስኪ

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከሆጤ ሰፈራችን ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት ለንግድም ለዘመድ ጥየቃም አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ «ለሽፍቶች ስንቅ አቀበልክ» ተብሎ እዚያ ታስሯል። እስረኞቹ በዚያ ሳምንት በካሚዮን ወደ አሰብ በረሃ እንደሚጫኑ ሰምተናል፤ ከዚያ በረሃ የተመለሰ ሰው ደግሞ አላየንም። ስሙን ከዝርዝሩ ሊያስፍቅ የሚችል አንድ አስተርጓሚ አለ፣ መጠጥም ይወዳል አሉን።

በቤታችን ለእጅ መንሻ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ውስኪ ነበር። ያሠራኝ የነበረው አርመን ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ «የስኮትላንድ ነው፤ ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣ። ለክፉ ቀን አስቀምጠው» ብሎ የሰጠኝ ነው። እኔ ከጠጅና ከአረቄ ሌላ ቀምሼ ስለማላውቅ፣ የአረቄ ወንድም ነው ብዬ ደምድሜአለሁ።

እናቴ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠኝ «ሳትቀምስ እንዳትሰጥ፣ ነውር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባገራችን ሰጪው ካልቀመሰ ተቀባዩ መርዝ ይጠረጥራል።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ

ገና ሲነጋ ወጣሁ። አዲሱን መንገድ ካሚዮኖች ስለያዙት እግረኛው በድሮው የበቅሎ መንገድ ይወርዳል። ባቄላ የጫነች አህያ ከሚነዳ እንድሪስ ከሚባል ሰው ጋር ተገጣጠምኩ። ቆሎ አካፈለኝ፤ እህል ግን አልወርድልኝ አለ። ከመንገዱ በታች ሦስት ጎጆዎች ተቃጥለው ገና ይጨሳሉ። ሽታው እስከ ታች ተከተለን።

«ወንድሜንስ ይለቁት ይሆን?» አልኩት።

«አብሽር! አላህ ያግራልህ» አለኝ፣ ጎጆዎቹን ላለማየት ፊቱን አዙሮ።

ኮምቦልቻ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

አስተርጓሚው ከእስር ቤቱ በር ላይ፣ ከግራር ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። እጅ ነሥቼ ጉዳዬን ነገርኩት። ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ።

«ቅመሳ!»

ከፍቼ በመዳፌ ቀዳሁና እንደ አረቄ ባንዴ ጨለጥኩት። ያ የተቃጠለ ጎጆ ጉሮሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ጭስ፣ አመድ፣ የመድኃኒት ሽታ! ሳል ያዘኝ፣ እንባዬ ፈሰሰ፣ የቀረውን መሬት ላይ ተፋሁት። ብቅሉን በጭስ እንደሚያደርቁት፣ ያ ጭስም ለወዳጆቹ ክብሩ እንደሆነ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አስተርጓሚው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «መርዝ!»

«ኧረ በማርያም፣ ጌታዬ! ጠባዩ ነው!»

«ጠባዩ ከሆነ ጠጣው!»

ብርጭቆ አስመጥቶ ጢም አድርጎ ሞላ። ዘበኛው ጠመንጃውን አዞረብኝ። በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። ከጭሱ ኋላ እንደ ማር ያለ ነገር ምላሴ ላይ ቀረ፤ በዚያ ሰዓት ጣዕም መለየቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀመጥ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሞትክ ስለ ወንድምህ እንነጋገራለን።»

ስምንት ሰዓት

ካሚዮኑ እስረኞችን ጭኖ ወጣ። ታደሰን ከኋላ ቆሞ አየሁት። ልነሣ ብዬ ግድግዳውን ይዤ ተንገዳገድኩ፣ ልጣራ ብል ምላሴ ተሳሰረ። እሱ ግን አይቶኛል።

«ጋሼ! በዛሬ ቀን ይጠጣሉ?» አለ።

ካሚዮኑ በአሰቡ መንገድ ወደ ባቲ ታጠፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አስተርጓሚው መጥቶ ዓይኔን ገልጦ አየ። «መርዝ የለበትም» አለና ጠርሙሱን ይዞ ገባ። ስለ ወንድሜ አላነሣም።

መልስ

እንድሪስ ወድቄ አገኘኝ። የመጠጡን ሽታ እንደጠላው ከፊቱ ይታያል፤ ክንዴን ግን አልለቀቀም። ዘመዶቹ ቤት አሳደረኝና በማግስቱ ረፋድ ላይ ሆጤ ገባሁ። ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ የማያውቁትን ነገር ቤት ቀምሰው ይሄዷል እንጂ በጌታ ፊት አይጀምሩትም። ትምህርቱ ግን ለታደሰ አልደረሰለትም። ወሬውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ቀምሰህ ሰጠኸው?»

«ቀምሼ ነው፣ እምዬ።»

«ታደሰስ? እንደደከምክለት አይቶሃል?»

«አየኝ» አልኳት።