«እርስዎ» ያለኝ ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። ሲያከብረኝ «አንቺ»፣ ሲያናድደኝ «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚለኝ። በስድስት ዓመት እንደምበልጠው ማስታወስ የእኔ ሥራ ነበር።

ከሞምባሳ በሚነሳ አነስተኛ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሲቀጠር ፈራሁ። እኔ ደግሞ የፈራሁትን ነገር አንብቤ ካልጨረስኩ አይሆንልኝም። ናይሮቢ ውስጥ ከካሳራኒ ተነስቼ ኢምባካሲ ወደምሠራበት መጋዘን በመታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ስመላለስ በስልኬ ስለ ጥንት የባሕር ወንበዴዎች አነበብኩ። ከመነሳታቸው በፊት ሕግ ጽፈው ይፈራረማሉ። ካፒቴናቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፣ ካልበጃቸውም በድምፅ ያወርዱታል። በውጊያ እጁን ያጣ ካሳ አለው። ይህንን ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ።

«ታዲያ ከእኛ ይሻላሉ በይኛ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

መርከቧ በወንበዴዎች የተያዘችው በሁለተኛው ጉዞው ነው። ለሳምንታት ምንም አልሰማንም። መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን በወደቀ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር፣ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ካርቶን ሲወድቅ ነው የሚውለው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቧንቧ ከፍቼ እጄን እየታጠብኩ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ። የመርከቧ ቢሮ ኃላፊ እርስዎ ነዎት?»

ድምፁ የወንድሜ ነው። «እርስዎ» ሲለኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አክብሮኝ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ያከበረኝ አጠገቡ የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

እንደ ሪፖርት አቀረበልኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ዱቄትም አላለቀም። ወንበዴዎቹ ደንብ አላቸው፣ ጽፈው ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ምርኮኛ የመታ ይቀጣል፣ ጥበቃ ላይ የተኛም ይቀጣል። ምርኮኛ መደወል የሚፈቀድለት ለአሠሪው ብቻ ነው።

«ዋሽቶ ለቤተሰቡ የደወለ ሰው ምን እንደሚደረግ ተሰብስበው በድምፅ ይወስናሉ» አለኝ። «ስለዚህ ነው ወደ እርስዎ የደወልኩት።»

ያነበብኩት ሁሉ ዞሮ መጣብኝ። የተናደደ ሰው ይለመናል፤ እግሩ ላይ ይወደቃል፣ በእናትህ ይባላል። ሃያ ሰው እጁን አውጥቶ ከወሰነ በኋላ ግን ማን ይለመናል? ሕግ የሌላቸው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ቢሮው እየተነጋገረበት ነው» አልኩት። «እርስዎም በትዕግሥት ሥራዎን ይቀጥሉ።» «የኔ ጌታ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለው። ጥርት ባለ አማርኛ፣ ለስለስ አድርጎ «እህቴ» አለኝ። እህቴ ማለቱ ምንም አይደለም፣ መንገድ የጠፋበት ሰውም እህቴ ይላል።

«ወንድምሽ ደህና ነው። አይዞሽ።»

አዝኖልኝ ይሆን? ወይስ ሊያወጣጣኝ ነው? ደግ ሰው ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። አደራህን ልለው፣ ላለቅስበት አማረኝ። ውሃው አሁንም ይፈሳል፤ ቧንቧውን ዘጋሁ።

«ተሳስተዋል» አልኩ። «እኔ ወንድም የለኝም።»

ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። በዚያች ቃል አዳንኩት ወይስ ገደልኩት እያልኩ፣ መታቱ ውስጥ ብቻዬን ሳወራ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ መርከቧ ተለቀቀች።

አሁን ወንድሜ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ያበስላል፣ «አንቺ ሴትዮ» ማለቱንም ቀጥሏል። ስለዚያ ስልክ ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈ። የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር አለኝ። ወንበዴዎቹ ተጠራጥረውት ዙሪያውን ተቀምጠዋል፣ አማርኛ የሚችለው ሰውዬ መልሴን ይተረጉምላቸዋል። ከተረጎመላቸው በኋላ ማንም እጁን አላወጣም፣ ተነስተው ወደየሥራቸው ሄዱ።

«አንቺ ግን» አለኝ ቢላውን አስቀምጦ፣ «ወንድም የለኝም ስትዪ ለአፍታ አምኜሽ ነበር።»