የጋሽ ገብሬ ነጭ አውራ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በአንዱ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው ገብረ ማርያም ሁለት ሙያ ነበረው። አንደኛው ስፌት ነው፤ በዚህ ማንም አያማውም። ሁለተኛው ጫጩት አይቶ ወንድና ሴቱን መለየት ነው። በዚህኛው ዋናው ምስክር እሱ ራሱ ነበር።

ገበያ የወጡ ሴቶች ጫጩት በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጡለታል። እግሩን ከመኪናው ላይ ያነሣና ጫጩቱን በሁለት እግሩ ዘቅዝቆ ይይዘዋል። አንገቱን ወደ ላይ ቀና ካደረገ «አውራ» ነው፤ ተንጠልጥሎ ዝም ካለ «ቄብ» ናት። ካመነታ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የጫጩቱን ቅልጥም ይለካል። ያለው የደረሰላቸው ሰዎች ጎበዝነቱን ያወራሉ። ያልደረሰላቸው ደግሞ ዶሮው አድጎ እስኪጮህ ድረስ ማን ምን እንዳላቸው ረስተውታል። ስሙ ጸንቶ የኖረው እንዲህ ነው።

እኔ ያን ጊዜ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኜ አርባ ምንጭ ተመድቤ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሦስት ወር የሞላቸው፣ ሌግሆርን የሚባሉ ነጭ የፈረንጅ ዶሮዎች በሣጥን መጡልንና ለሰፈሩ ሰው ማደል ጀመርን። ደንቡ ቀላል ነው። አውራ የወሰደ ሰው የአበሻውን አውራ ከግቢው ያስወግዳል፤ ቤት ያሉትን ሴት ዶሮዎች የሚያጠቃቸው የፈረንጁ ብቻ ይሆናል፤ የሚፈለፈሉት ቄቦችም ከእናቶቻቸው የበለጠ ይጥላሉ።

ነጭ ዶሮ በቀለም አይለይም። በሦስት ወሩ መታየት ያለበት የጀርባው ላባ ነው፤ የወንዱ ጫፉ ሾል ብሎ ያብረቀርቃል፣ የሴቷ ክብ ነው። ለጋሽ ገብሬ አንድ ደህና አውራ መርጬ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። እጁን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ሌላ አወጣና ዘቀዘቀው።

«ይሄን ነው የምወስድ። ቀና ሲል አየኸው?»

«ጋሽ ገብሬ፣ ይቺ ቄብ ናት። ጀርባዋን ይዩ።»

«ጀርባ ምን ያደርግልኛል? ራሱን እየው። የትኛዋ ቄብ ናት በሦስት ወሯ ይሄን የሚያህል ቀይ ሥጋ ራሷ ላይ የምትሸከመው?»

ለአበሻ ዶሮ ቢሆን ልክ ነበር። የሌግሆርን ሴት ግን ገና በልጅነቷ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ይሰማኝ ነበር ይሆናል፤ ግን ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ፣ ገብረ ማርያም ደግሞ ሳቅ ሲሰማ የሚለሰልስ ሰው አልነበረም። ቄብም ብትሆን የምትታደል ስለነበረች ይዞ ሄደ።

ለገና ቀዩን የአበሻ አውራውን አረደ። ማንም አላስገደደውም። «ደንብ ደንብ ነው» አለ። በዚህም አልበቃውም። ጎረቤቱ ማርቆስ፣ ላንቴ ቀበሌ ሙዝ የሚያለማው፣ አንገተ መላጣ አውራ ነበረው፤ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ ይገባል። ጋሽ ገብሬ ቀዳዳውን በእሾህ ደፈነው። መላጣው በላይ መዝለል ሲጀምር ደግሞ ማታ ማታ ጨርቅ በሚለካበት እንጨት ያባርረው ጀመር።

«ዘር ያበላሽብኛል» ይላል።

ማርቆስ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ «ጋሽ ገብሬ፣ ነጩ እስካሁን አልጮኸም እኮ» ይለዋል።

«የፈረንጅ ዘር ነው። ሳይጮህ ነው ሥራውን የሚሠራ።»

«የእኔ መላጣ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው።»

«ያንተማ ሌላ ሥራ ስለሌለው ነዋ።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ማርቆስ እንደገና ጠየቀ። «አሁንስ?»

«ጾም ነው» አለ ጋሽ ገብሬ።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል ለክትትል ቤቱ ሄድኩ። ነጩ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ በአንድ ዓይኑ ላይ ዘንበል ብሎ ወድቋል። የሌግሆርን አውራ ሥጋው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንዲህ የሚወድቀው እንቁላል የጀመረች ሴት ላይ ነው። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ከሙቀቱ ነው። ደጋ ቢሆን ቀጥ ይል ነበር።»

ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝ። አንዲት ታቃፊ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣለች። እሱ እንደሚለው፣ ከሥሯ ያሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ መርጦ እያንዳንዱ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔው የመስቀል ምልክት አድርጓል። ለማን እንደታሰቡም ነገረኝ። ልጁ ቤተልሔም አምና ካምባ ላለ መምህር ተድራለች። የምትኖረው ከባሏ እናት ጋር ነው፤ አንድ እንቁላል ስትፈልግ እንኳን አማቷን መጠየቅ አለባት። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣሉ፤ ስትመለስ የራሷን ቄቦች ይዛ እንድትሄድ ቃል ገብቶላታል።

«ካምባ ውስጥ የሌለ ዶሮ ነው የማስይዛት» አለ። «አማቷ ራሷ እንቁላል ልመና ትመጣለች።»

እኔ ሒሳቡን ሠራሁት። ግቢው ውስጥ አውራ የለም። አውራ ያላገኛት ዶሮ እንቁላል ይበላል እንጂ አይፈለፈልም። አሁን ካልተፈለፈለ ደግሞ ጫጩቶቹ ለሐምሌ መንገድ አይደርሱም፤ ልጅቷ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ሚስቱ ሻሺቱ ከኋላው ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ውጭ መላጣው ክንፉን ሲያማታ ተሰማ። ጋሽ ገብሬ እንጨቱን ይዞ ወጣ።

«ነጩ አውራ የጾሙ መግቢያ ላይ ጀመረ» አለች ሻሺቱ።

«ምኑን?»

«መጣሉን ነዋ።»

ባሏ ከሥራ ይዞ የሚመጣው የቁርጥራጭ ጨርቅ ዘንቢል ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። ሲነሣ ወረቀት የመሰለ ነጭ፣ ትልቅ እንቁላል ትቶ ሄደ። ጾም ስለሆነ እሷ ቤት አይበላም። የማርቆስ ሚስት ሣራ ግን ፕሮቴስታንት ናት፤ ጾሙ አያግዳትም። ሻሺቱ የነጩን እንቁላል እየወሰደችላት፣ ሣራ በምትኩ ከመላጣው ጋር የሚውሉ ዶሮዎቿ የጣሉትን ትሰጣት ጀመር። ታቃፊዋ ሥር ያሉት እነሱ ናቸው። ጋሽ ገብሬ የመረጣቸው ደግሞ ሣራ መጥበሻ ላይ አልቀዋል። በተተኩት ላይ መስቀሉን በራሱ ጠመኔ የሣለችው ሻሺቱ ናት።

«ለምን አልነገርሽውም?»

«እሱን አሳምኜ እስክጨርስ ታቃፊዋ ተስፋ ቆርጣ ትነሣለች።»

«መላጣው አባታቸው ከሆነ እኮ፣ ገና ሲፈለፈሉ በአንገታቸው ይታወቃሉ።»

«ያኔማ ተፈልፍለዋል» አለች።

በሆሳዕና ሰሞን ጋሽ ገብሬ እኔንም ማርቆስንም ጠራን። የነጩን ልጆች አይተን እንድንመሰክር ነው። ታቃፊዋን በሁለት እጁ አነሣት። አሥር ጫጩቶች ጮኹ። ስድስቱ አንገታቸው ላይ አንድ ጸጉር የላቸውም፤ ገና ሳያድጉ ለወጥ የተነጩ ይመስላሉ።

ጋሽ ገብሬ አንዱን አነሣና አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አስቀመጠውና ሌላ አነሣ። እሱም መላጣ ነው።

ማርቆስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ገብሬ፣ እንግዲህ ከሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት። የአውራዎን እንቁላል ይሄው ጾሙን ሙሉ ቁርስ በላሁት። ትልቅ ነው፤ አስኳሉም ደህና ነው።»

ጋሽ ገብሬ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የቤቲ አባት» አለች ሻሺቱ፣ «ልጅቷ ባዶ እጇን ትመለስ?»

ጫጩቱን ቀስ አድርጎ ታቃፊዋ ሥር መለሰው። ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«ኅዳር ላይ ነግሬዎታለሁ።»

«የነገርከኝ ስለ ጀርባ ነው» አለ።

ወጥቶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ቀዳዳውን የደፈነበትን እሾህ ነቅሎ ጣለው። «ከፈለገ ይግባ» አለው ማርቆስን። «እኔ ግን አልጠራውም።»

ነገሩ ሳምንት ሳይሞላው ሲቀላ ደረሰ። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሰዎች ቁልፍ እያነሡ «ጋሽ ገብሬ፣ ይሄ አውራ ነው ቄብ?» ይሉታል። እሱም ሱሪውን በልኩ ያሳጥርና፣ ቀጠሮውን ግን ለሳምንት ያስተላልፍባቸዋል። ጫጩት የሚያመጡለት ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ቀሩ፤ ከዚያ ተመልሰው መጡ። ሌላ የሚለይላቸው ሰው ስላላገኙ ይመስለኛል።

ሐምሌ ላይ ቤተልሔም ከባሏ ጋር መጣች። ከአሥሩ ጫጩቶች ሁለቱን ጭልፊት ወስዷል፤ ስምንቱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ለመመለስ በተነሡበት ጠዋት እኔም ቤቱ ነበርኩ። ጋሽ ገብሬ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ለየ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ዘቀዘቃቸው። ከዚያ ማንም ሳይነግረው እያንዳንዱን መልሶ አቆመና የጀርባውን ላባ በጣቱ ገልጦ አየ፤ እያየም ወደ እኔ አልዞረም። አምስት መርጦ ቅርጫት ውስጥ ከተተ።

ሻሺቱ ከቅርጫቱ አንዱን አወጣች፣ ከቀሩት አንዷን በምትኩ አስገባች።

ጋሽ ገብሬ አያት።

«አባዬ፣ ሁሉም ቄቦች ናቸው?» አለች ቤተልሔም።

«አምስቱም» አለ ጋሽ ገብሬ፣ ዓይኑን ከሻሺቱ ላይ ሳያነሣ። እሷ እሺ በሚል ዓይን እስክታየው ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን አጥብቆ አሰረ።