አውፍ ያልኩት ክፍል

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ጅዳ፣ የአሠሪዬን የመዳሜን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ስተኩስ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከደሴ የላከው የድምፅ መልእክት ነበር። ስልኩን ከጠረጴዛው ጫፍ አስደግፌ ከፈትኩት። ሰላምታውን እንኳን በወጉ አልጨረሰም።

«እህትሽ ግድግዳ አስፈረሰችብን፤ ሰማሽ? የናንተን መኝታ ክፍል በመንገዱ በኩል በር አስወጣችለት። ሱቅ አርጌዋለሁ ትላለች። ሽማግሌ ሰብስባ፣ የአባቴን ሀቅ ስጡኝ ብላ፣ ወንድሞቿን በሰው ፊት አሳጥታ!» ትንፋሽ ወሰደና ድምፁን አለሰለሰ። «አንቺን አላህ ያክብርሽ፤ ትልቋማ አውፍ ብላለች አልኳቸው። አንቺማ ጨዋ ነሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨዋ መባል ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ አብሬው እንድናደድ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ቀናሁ። በገዛ እህቴ፣ በታናሼ ቀናሁ። መተኮሻውን ነቅዬ ቁጭ አልኩ።

ያ ክፍል የሁለታችን ነበር። የአባታችን ቤት ሰኞ ገበያ ዳር ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ የአባቴ የጨርቅ ሱቅ፣ ከጎኑ የኛ መኝታ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳችን ድፍን ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ሴት ልጆች የሚተኙበት ክፍል ወደ ገበያ መስኮት አይኖረውም ይል ነበር። ስለዚህ ገበያውን በጆሯችን ብቻ እያወቅን ነው ያደግነው። ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ፣ ጋሪ ሲንገጫገጭ፣ አንዱ አህያውን ሲራገም እየሰማን፣ እህቴ አፏን በትራስ አፍና ትስቅ ነበር። ጨርቅ እየለካን ለደንበኛ የምንሸጠው እኛ ነበርን። የሱቁ ቁልፍ ግን ከወንድሞቼ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ይህ አልቆረቆረኝም። ቁልፍ የወንድ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

በኛ ልማድ፣ አባት ሲሞት ሴት ልጅን ድርሻዋን ማንም አይከለክላትም። ትጠየቃለች እንጂ። ሰው በተሰበሰበበት ትጠየቃለች፤ እሷም «ለወንድሞቼ አውፍ ብያለሁ»፣ ድርሻዬን ትቼላቸዋለሁ፣ ትላለች፤ ዱዓ ይደረግላታል። አውፍ ያላለች ሴት ከባሏ ብትጣላ ወይም ብትታመም የምትመለስበት የወንድም ቤት አይኖራትም ይባላል። አላህ ለሴት ልጅ ድርሻ አድርጎላታል። ዲኑ የሰጣትን የሚወስድባት ይሉኝታ ነው።

እኔ የተጠየቅኩት አባቴ ሞቶ ሰደቃው በተበላበት ቀን ነው። ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ትሪ ይዤ ስገባ አጎቴ እዚያው መሀል ላይ አስቆሙኝ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ለወንድሞችሽ ምን ትያለሽ?»

ያ ሁሉ ጥምጣምና ያ ሁሉ ሽበት እኔን ያያል። ትሪው ከብዶኛል። «አውፍ ብያለሁ» አልኩ።

«ባረከላህ! የጨዋ ልጅ!» ተባለ። እናቴ ከበሩ ጀርባ ትሰማ ነበርና ስወጣ ግንባሬን ሳመችኝ።

ከኋላዬ ወጥ ይዛ የገባችውን እህቴን «አንቺስ?» አሏት።

«ድስቱ ሊያር ነው» ብላ ሳህኑን አስቀምጣ ውልቅ አለች።

ሰዉ ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ሆዷን ነው የምታስበው!» አለ አንዱ። ዝምታዋ እንደ እሺታ ተቆጠረና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ወንድሜ ሚስት ሲያገባ ክፍላችን የሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። እኛም ኮምቦልቻ ወርደን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባን፤ ከቢስቲማ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። ለአረፋ ወደ ደሴ ስመለስ የተነጠፈልኝ በገዛ ክፍሌ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅልሎች መሀል ነበር። የወንድሜ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም፤ «እንግዳችን ይሞቃት» ብላ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። እንግዳችን። የወንድም ቤት የሚሉት ይኸ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ብዙም ሳልቆይ ፓስፖርት አወጣሁና ወደ ጅዳ መጣሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ቀረች።

አሁን ፎቶ ትልክልኛለች። በሩን አረንጓዴ ቀብታዋለች። ከፋብሪካው ሥራዋ የምታውቀውን አንሶላና ፎጣ እስከ ጣሪያው ደርድራለች። የበሩ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን እናቴ ናት። በሩ ላይ በርጩማ ተደርጎላት፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች። ያቺው አውፍ በይ ብላ ያሳደገችኝ እናቴ!

ስደውልላት ደስታዋን መሸሸግ አልቻለችም። «ልጄ፣ ይቺ እህትሽ እኮ ወንድ ናት! ሽማግሎቹን አፋቸውን አስያዘቻቸው።»

«እኔስ እማ?»

«አንቺማ ሰጪ ነሽ። አላህ በጀነት ይክፈልሽ።»

አሚን አልኩ። ጀነትን የሚጠላ የለም። ነገር ግን እህቴም ትሰግዳለች፣ እህቴም ትጾማለች፤ ጀነቱን እሷም ትመኛለች። ታዲያ እሷ በሩንም ጀነቱንም፣ እኔ ጀነቱን ብቻ?

ከሰላት በኋላ ከምቀኛ ክፋት በአላህ የምንጠበቅበትን የቁርኣን ሱራ ስቀራ ምላሴ ይያዝ ጀመር። ከማን ነው የምጠበቀው? ምቀኛዋ እኔው ነኝ። ሱቋ ይዘጋ አላልኩም፤ ወላሂ አላልኩም። ግን አንድ ቀን ገበያው ቀዝቅዟል ስትለኝ ራሴን ደስ ሲለኝ አገኘሁት፤ ደነገጥኩና ኢስቲግፋር አድርጌ አላህን ምሕረት ለመንኩ። በማግስቱ ገበያው ደርቷል ስትለኝ ደግሞ ያው ቃጠሎ ተመለሰ።

በመጨረሻ ደውዬ አፍ አውጥቼ ጠየቅኳት። «ሽማግሎቹ ፊት የኔን ነገር አነሳሽ?»

«እትዬ፣ አንቺ በአፍሽ ሰጥተሽ እኔ በማን አፍ ላስመልስልሽ?»

«ሰው ፊት አቁመው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ፤ እዚያው ሰው ፊት! ድስት አሰብኩ።»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አውፍ አላልኩም ነው ያልኳቸው፤ ሌላ ጥበብ የለኝም» አለች። «የኔ ድርሻ ብቻ ነው የደረሰኝ። ያንቺ እዚያው ከነሱ ጋር አለ። ከቀናሽ በኔ ሳይሆን በነሱ ቅኚ።»

እውነቷን ነው፤ ነገር ግን ቅናት መንገድ አመልክተውት አይሄድም። በወንድሞቼ መቅናት እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም። እነሱ ሲኖራቸው ነው ያየሁት፤ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ነበር። እህቴ ግን እንደኔ ባዶ እጇን ነበረች።

ዓርብ ዓርብ ቁርኣን የምታስቀራንን ኡስታዛ በሃፍረት ስለተሰጠ ስጦታ ጠየቅኳት። የማን ጉዳይ እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። «በይሉኝታ ተይዞ የሰጠ ሰው ወዶ አልሰጠም፤ ተቀባዩ ይጠየቅበታል» አለችኝ። ያን ቀን ወሬው ከደረሰኝ ወዲህ ከሰገድኩት ሁሉ ቀለል ያለ ሰላት ሰገድኩ።

ከዚያ ለወንድሜ በድምፅ ላክሁለት። አልተሳደብኩም። ሀቄን እፈልጋለሁ፣ አጎታችንም ሽማግሎቹን ይሰብስቡልኝ አልኩ። መልሱ አጭር ነበር። «አንቺም?»

እኔም።

አጎቴ ከአረፋ በኋላ እንሰበሰባለን ብለዋል፤ እኔ በስልክ እሰማለሁ። ወንድሞቼ ወዳና ፈቅዳ ነው የሰጠችን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እንደዚያም ይመስላቸዋል። ለዚህ ነው በዚያ የሰደቃ ቀን እዚያ ክፍል የነበራችሁትን ሁሉ ይህን ነግሬ የምለምናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬም በአረንጓዴው በር በኩል ታልፋላችሁ፤ እናቴን ሰላም ትላላችሁ። ለኔ አድሉልኝ አልልም። የምትጠየቁ ጊዜ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ትሪው ከእጄ ሳይወርድ እንደተጠየቅኩ፣ ወንድሞቼ ግን ተቀምጠው ይበሉ እንደነበርና እናንተስ ለእህቶቻችሁ ምን ትላላችሁ ብሎ ማንም እንዳልጠየቃቸው።