በሁዳዴ ያኘክሁት የጨጓራ መድኃኒት

እሠራበት የነበረው ባቡር ሥራ ካቆመ ወዲህ ነው ጨጓራዬ የባሰብኝ። ካርቲየ 3 ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ፣ ማዕከላዊ ገበያ ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ቆሜ ሆዴን እይዝ ነበር። ሐኪሟ እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣች ሳትሆን የአገሩ ተወላጅ፣ ሶማሌ ናት። በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብታ አየችና ቆስሏል አለች፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት የሚዋጥ እንክብል አዘዘች። ዋጥሁ። ቃጠሎው ቀነስ አለ።

ሁዳዴ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጠን አንዱ ሽማግሌ «የእንክብል ቀፎ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ ነው የሚሠራው» አለ። ውሸት አልመሰለኝም፤ ሙጫም እንደዚያው ይሠራል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ከሰዓት በኋላ፣ ጾሜን ልፈታ ስል አደረግሁት። ቀፎውን እጥላለሁ፤ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች አኝካለሁ። ያልታኘከ ነገር ለሆድ ሸክም ነው ብዬ። ይመራል። መድኃኒት ቢመር ምን አለበት?

ሕመሙ ተመለሰ። ጭራሽ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ባለቤቴ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ሐኪሟ እንደገና በቱቦ አየች። ቁስሉ ይደማል።

«አዴር፣» አለች፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «እንዲህ ከቀጠለ ጨጓራዎ ይበሳል፤ ያኔ ኦፔራሲዮን ነው። መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ይወስዳል! እንደ ቆሎ እየቆረጠመ!» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሟ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ተወችው። «ፍሬዎቹ የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው ሽፋን አላቸው። ሽፋኑን በጥርስዎ ሲሰብሩት መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ያልቃል።»

«ለመሆኑ ቁስሉን እንዴት ነው የሚደፍነው?»

«እሱ አይደፍንም። አሲዱን ይቀንሳል እንጂ። የሚደፍነው የራስዎ ሥጋ ነው፤ ከቁስሉ ዳር ተነሥቶ ወደ መሀል ይሳባል። አሲዱ ከሥር ከሥሩ እየበላው ግን የት ይደርሳል?»

ይህ ገባኝ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሚረገጥ ወለል ነው።

«እንግዲያው እንዳለ ይዋጡት።»

«በጾም ቀፎውን አልውጥም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሆድህን ሊከፍቱት ነው!» አለች ባለቤቴ።

«ይክፈቱት።»

«እኛም እንጾማለን» አለች ሐኪሟ። «ቀፎውን ይጣሉት። ፍሬዎቹን ግን ሳያኝኩ፣ በውሃ ብቻ። ጥርስዎ እንዳይነካቸው።»

እንደዚያ አደረግሁ። ከፋሲካ በኋላ ቱቦው ተመልሶ ገባ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ እንደ ሕፃን ገላ ቀላ ያለ ስስ ቆዳ ለብሶ በመሣሪያው የምስል መስኮት ላይ አሳየችኝ።

«ኦፔራሲዮኑ ቀርቷል። ግን ገና ስስ ነው፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» አለች።

ስንወጣ ባለቤቴ «መጀመሪያውኑ ብትጠይቃት ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ፀሐዩ ከባድ ነበርና ጥላ ጥላውን ይዘን ሄድን።